ከስልቻው አፍ የፈታሁት ሐረግ

ባለፈው ጥር ለአንድ የልጅነት ጓደኛዬ አባት ለቅሶ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ፣ ሸሚዙን በደንብ ያስተኮሰ ሰውዬ ስለ እኛ ቆላ ያወራል። «እነሱኮ የዱር ሥር ቆፍረው ነው የሚበሉት። ምን ያድርጉ፣ የችግር ጊዜ ምግብ ነው» አለና ከንፈሩን መጠጠ። በእፍኜ የያዝኩትን ንፍሮ መልሼ አስቀመጥኩና ተነሥቼ ወጣሁ። ለቅሶ ቤት አይጣሉም ብዬ ነው እንጂ የምለው ነበረኝ።

ወደ መናኸሪያ የሚወስደኝ ባጃጅ በድሮ ሰፈሬ በኩል አለፈ። አስቆምኩት። የወይዘሮ አለሚቱ ቤት ጣሪያው ተቀይሯል፣ በሩም ሌላ ነው። ከጀርባው ያለው የቁልቋል አጥር ግን አቧራውን ለብሶ እዚያው አለ። ቀርቤ በእሾሁ መሃል ማየት ጀመርኩ። ነጂው ትዕግሥቱ ሲያልቅ «እትየ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ።

«ሦስት ሐረግ» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ዘጠነኛ ክፍልን የተማርኩት በዚያ ቤት ተከራይቼ ነው። አገራችን ከአበርገሌ ወደ ተከዜ ወረድ ያለ ቆላ ነው። በዚያን ጊዜ ከስምንተኛ በላይ መማር የፈለገ ሰቆጣ መውጣት ነበረበት። አባቴ ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ መላኩን አልወደደውም፤ የፈቀደው ወይዘሮ አለሚቱ አበልጁ ስለነበሩ ብቻ ነው። «ከእሳቸው ቤት የወጣሽ ቀን ትምህርቱም አበቃ» አለኝ። አባቴ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ክፍሏን የምጋራት ገነት የምትባል ልጅ ናት። አባቷ ከጎንደር በሥራ ተመድበው የመጡ፣ ከሰቆጣ ራቅ ብላ ባለችው ጽጽቃ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ገነት ሁለት ጫማ አላት። አማርኛዋ እንደ ሬዲዮ ይወርዳል። የኔ አማርኛ ግን ኽምጥኛው ከሥሩ ብቅ ብቅ ይልበት ስለነበር ክፍል ውስጥ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚስቅ አይጠፋም። ገነት አትስቅም ነበር፤ እሷ ታርመኛለች። ከሚስቁት ይልቅ የምናደደው በሷ ነበር።

ያ ዓመት የፕላዝማ ዓመት ነው። በክፍላችን የፊት ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ይመጣል። የባዮሎጂዋ ሴትዮ ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ዝም ብላ ታየናለች፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ትላለች። የመጀመሪያውን ሳምንት የምታየን መስሎኝ እጄን አውጥቼ እጠብቃት ነበር። አንድ ቀን መልሱን በልቤ ይዤ እጄን እንዳወጣሁ «በጣም ጥሩ!» ስትል ለኔ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ በደስታ ዋልኩ። እንደማታየኝ የነገረችኝ ገነት ናት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን ጥርሴን ነክሼ ነበር የማያት።

ስንቄ በወር አንድ ጊዜ በገበያተኛ አህያ ይመጣል፤ የማሽላ ዱቄትና፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ደግሞ በስልቻ የተሞላ፣ ተቆራርጦ የደረቀ ሥር። የሥሩን ስም የማውቀው በኽምጥኛ ነው። በፊደል ስጽፈው አፌ ውስጥ ያለው ድምፅ አይወጣልኝም፤ ስለዚህ ዝም ብዬ «ሥሩ» እለዋለሁ። ደቡብ አገር ቦዬ ብለው በጓሮ የሚተክሉት፣ እንደ ድንች የሚቀቀል ሥር የዱር ዘመድ ነው። ክረምት ላይ ሐረጉ ዛፍ ላይ ይጠመጠማል፣ በጋ ሲገባ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ያኔ ይቆፈራል። ችግሩ ከጎኑ ሌላ ሐረግ አብሮት ይበቅላል፤ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ቁርጥ እሱኑ ነው። የዚያኛው ሥር አፍ ያቃጥላል፣ አንጀት ይቆርጣል፣ ሰውም ገድሎ ያውቃል። ያኔ ሁለቱን መለየት የሚቻለው በግንዳቸው ብቻ ነው።

መለየቱን የምታውቀው አክስቴ ዝማም ናት። የአባቴ እህት ናት፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አባቴን እርስዎ እላለሁ፣ እሷን አንቺ። ገደሉ ውስጥ ትገባና ሐረጉን በጣቷ እየተከተለች በቀኝ ይሁን በግራ እንደተጠመጠመ ታያለች። ከዚያ በማጭድ ቀጥ አድርጋ ትቆርጠውና የተቆረጠውን ፊት በምራቋ አርሳ ወደ ፀሐይ ታዞረዋለች። «ዓይኑን እይው» ትለኝ ነበር። ዓይን የምትለው በግንዱ ውስጥ ሽቅብ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች አፍ ነው። የጥሩው ግንድ ክብ ነው፤ ዓይኖቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ከቆዳው ሥር ተጠጋግተው ይዞራሉ። የመጥፎው ግንድ ማዕዘን ማዕዘን አለው፤ ዓይኖቹ ጥቂት፣ ትልልቅና የተራራቁ ናቸው፣ መሃሉም ነጭና ለስላሳ ነው። እሾህ አይታመንም፤ ሁለቱም ታች ታች ላይ እሾህ አላቸው። እጄ ላይ የማጭድ ጠባሳ የቀረብኝ ይህን ስማር ነው።

ከተማ ስገባ ግን እውቀቱ ሁሉ አሳፈረኝ። ሥሩን ከአገር ቤት ተከትሎኝ የመጣ ገመና አድርጌ ቆጠርኩት።

የመጀመሪያው ስልቻ ሲመጣ አፉ ላይ ከገመዱ ጋር ስንዝር የምታህል ደረቅ ግንድ ታስራበታለች። አገር ቤት እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ለቡዳ ነው አልኩ። የከተማ ሰው ዓይን ስንቄን እንዳይበላው አክስቴ ያሰረችልኝ ክታብ መሰለኝ። በአጉሊ መነጽር የምትማር ልጅ ክታብ የታሰረበት ስልቻ ይዛ! ገነት ሳታየኝ ፈታሁትና በመስኮት ወደ ቁልቋሉ ወረወርኩት። የሁለተኛውንም ወር፣ የሦስተኛውንም እንዲሁ። ገነት ስልቻውን አይታ «ምንድን ነው እሱ?» ስትለኝ «ድንች ነው። እኛ አገር አድርቀን ነው የምናስቀምጠው» አልኳት። እኛ ቆላ ድንች በቅሎ አያውቅም።

የካቲት ላይ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገነት መደቡ ላይ ሆዷን ይዛ ትንከባለላለች። አስመለሳት፣ አፏ አካባቢ ቀላ። ወይዘሮ አለሚቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ምን እንደበላች ስትጠየቅ «ከሙሉ ድንች ነው» አለች። ሙሉ እኔ ነኝ።

ወይዘሮ አለሚቱ ሲመለሱ ቀጥ ብለው ወደ ስልቻዬ ሄዱ። አንድ ቁራጭ አንሥተው አሸተቱ፣ በጥፍራቸው ፋቁት።

«እኔ ድንች አላውቅምን? ይህ የበረሃ ሥር ነው። የሚገድል አለበት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ጥሩው ነው እማማ።»

«በምን አውቃለሁ? የሰው ልጅ አምናኝ ቤቴ ያለች፣ ብትሞትብኝ ምን እመልስ ነበር? ለአባትሽ መልእክት ልኬያለሁ። እስከ ዓርብ ሰው ይምጣና ይውሰድሽ።»

ሰኞ ነበር። አራት ቀን ማለት ነው። ከቤቱ ከወጣሁ ትምህርቱም አበቃ፤ አባቴ ብሏል።

በማግሥቱ ወሬው ከኔ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሷል። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ደብተሯን ይዛ ወደ ኋላ ሄደች። «መርዘኛዋ» ያለኝን ልጅ ዛሬም ስሙን አልረሳሁትም፣ አልጠራውም እንጂ። በዚያው ክፍለ ጊዜ ፕላዝማው ላይ ያለችው ሴትዮ የግንድ ትምህርት ጀመረች። የተቆረጠ ግንድ በትልቁ አሳየችን፤ ባለ ሁለት ክኩ፣ ማለት ዘሩ እንደ ባቄላ ለሁለት የሚከፈለው ተክል፣ ቱቦዎቹ በዙር ይሰለፋሉ፣ ባለ አንድ ክኩ ግን ይበታተናሉ አለች። አክስቴ በምራቋ የምታረሰውን ነገር ነበር የምታሳየን! ደብተሬ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ትምህርቱ ሲያልቅ የባዮሎጂ መምህራችንን ይርጋን በር ላይ ጠበቅኳቸው። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ወጣት ናቸው፤ ፕላዝማው ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ሳጥኑን መክፈትና መዝጋት ሆኖ ነበር።

«መምህር፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ሐረጎች በግንዳቸው ቁራጭ ብቻ ይለያሉ?»

«ሊለዩ ይችላሉ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ባመጣልዎት ያያሉ?»

«አምጪ እስኪ» አሉ። እንደሰው ያናገሩኝ በዚያ ሳምንት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት የመጣው አባቴ አልነበረም። መልእክቱ መጀመሪያ ለአክስቴ ደርሷት ለአባቴ እንኳ ሳትነግር የአንድ ቀን ተኩል መንገድ በእግሯ ወጥታለች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው። ትከሻዋ ላይ ሁለት ደረቅ ሐረግ ጠምጥማ ይዛለች። አልሳመችኝም። በኽምጥኛ፣ «ምስክሯን የት አደረግሻት?» አለችኝ።

«የምን ምስክር?»

«ከስልቻው አፍ ያሰርኋትን ግንድ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የሚቆፍርና የሚበላ አንድ ቤት ከሆነ ምስክር አያስፈልግም። ሥሩ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ግን ከየትኛው ሐረግ እንደተቆፈረ ግንዱ አብሮ ይታሰራል፤ ያልታሰረበትን ማንም አይነካም። ለአገራችን ትልልቆች ይህ የሚነገር ነገር አይደለም፣ የታወቀ ነው። ለቡዳ መስሎኝ እንደወረወርኩት ስነግራት አልተቆጣችም። በጣቷ ቁልቋሉን አሳየችኝ። «ልቀሚያት» አለች።

በጋ ስለሆነ አልበሰበሱም። ሦስቱም እሾህ መሃል ተንጠልጥለው ነበር። ሦስተኛዋን ሳወጣ እጄ እስከ ክርኔ ደምቷል። አክስቴ ቆማ አየችኝ እንጂ አላገዘችኝም። ከዚያ ሦስቱን በምልክት ለይታ፣ ካመጣቻቸው ሁለቱ ጋር ውሃ በሞላ ጣሳ ነከረቻቸው፤ ደረቅ ግንድ ካልራሰ ሲቆረጥ ይፈረካከሳል። ወይዘሮ አለሚቱ «እኔ ስለ ሐረግ ምን አውቄ እፈርዳለሁ?» ሲሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኳቸው።

«እርስዎ አይፍረዱ፣ መምህር ይፈርዳሉ። ግን አብረውን ይምጡና ይዩ!»

መጡ። ጣሳው በአክስቴ እጅ፣ እኔ ከኋላ፣ እሳቸው ከኔም ኋላ።

ያን ቀን የጀነሬተሩ ናፍጣ አልቆ ፕላዝማው ጠቁሮ ተሰቅሏል። ተማሪው እያወካ ተቀምጧል። ገነት ተሽሏት ሁለተኛው ወንበር ላይ አለች። መምህር ይርጋ አክስቴን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ፀሐይ አስጠጉና ምላጭና አጉሊ መነጽር አመጡ።

«እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አክስቴ አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩ ግን ይከብዳታል። በኽምጥኛ፣ «ይህ እኛ ቆፍረን የምንበላው ሥር ግንድ ነው፤ ያኛው የማይበላው ነው» አለች። እንድተረጉም ወደኔ ዞረች። ስልሳ ልጅ ያየኛል።

«ይህ… ለመድኃኒት የሚሆነው ነው ትላለች» አልኩ።

አክስቴ እጇን ከጣሳው አወጣች።

«እኔ መድኃኒት አላልሁም» አለች በራሷ አማርኛ፣ ቃሉን እየቆራረጠች። «እንበላለን አልሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞራ በኽምጥኛ ቀጠለች። «የምታፍሪበት ከሆነ አሁኑኑ ከኔ ጋር ውረጂ። አፍሮ የሚማር ልጅ አላሳደግሁም።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ንዴት ነው፣ እፍረትም ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን መረረኝ። ወደ ተማሪው ዞርኩ።

«የዱር ሥር ነው!» አልኩ። ጮኬ ነበር። «ድንች ብዬ ዋሽቻለሁ። የዱር ሥር ነው የምንበላው፤ አባቴም፣ አክስቴም፣ እኔም። ትናንትም በልቻለሁ፣ ዛሬም እበላለሁ። የሚስቅ ይሳቅ!»

የሳቀ የለም። ወይም ቢስቅም አልሰማሁትም።

መምህር ይርጋ ሁሉንም ግንድ በምላጭ በስሱ ቆራረጡ። የረጠበው ሐረግ ያ የማውቀው የጥሬ ሣር ሽታ ወጣው፤ አክስቴ ገደሉ ውስጥ ስትቆርጥ የሚሸተው። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁራጮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደባልቀው ደረደሩ፤ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ከወረቀቱ ሥር ጻፉ። «እማማ ይለዩ» አሉ። አጉሊ መነጽሩን ሲሰጧት አክስቴ አልተቀበለችም። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጋ አንድ በአንድ ነካች። «ይበላል። ይበላል። አይበላም። ይበላል። ይበላል።» የማይበላው አንዱ ብቻ ነበር፣ ራሷ ለማሳያ ያመጣችው። ከቁልቋሉ የለቀምኳቸው ሦስቱም ክብ ናቸው፣ ሦስቱም ዓይናቸው ጥቃቅንና የተጠጋጋ።

መምህር ይርጋ ወረቀቱን ገልብጠው አዩ፣ በመነጽሩም ደግመው አዩ። «አልተሳሳቱም» አሉ። ከዚያ ተማሪው ሁሉ ለማየት ተሰለፈ። ወይዘሮ አለሚቱም ነጠላቸውን ሰብስበው ተሰለፉ።

አንድ ልጅ «መምህር፣ ይህ በዙር የተሰለፈ ነው። ባለ ሁለት ክክ ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ቅጠሉን፣ ዘሩን አላየሁም። አላውቅም፤ ፈልጌ እነግራችኋለሁ።»

መምህር አላውቅም ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ፈልገው ነገሩን፤ ባለ አንድ ክክ ሆኖ ቱቦዎቹን በዙር የሚያሰልፍ ወገን ነው። ፕላዝማዋ ተሳስታ ነው ወይ ስንላቸው «አብዛኛውን ተናገረች፤ ይህን ሐረግ ግን አላየችውም» አሉ። እኔንም አላየችኝም ነበር።

«ታዲያ ልጂቱን ምን ነካት?» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ። እጅ መስጠት አልፈለጉም።

አክስቴ ወደ ገነት ሄደች። አገጯን በጣቷ ቀና አድርጋ ከንፈሯን አየች።

«ጥሬ ነው?» አለቻት።

ገነት ማልቀስ ጀመረች። አባቷ ለሥራ ርቀው ሄደው ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንቅ አልመጣላትም። ባለ ሁለት ጫማዋ ገነት ለመለመን አፍራ፣ እኔ በሌለሁበት ከስልቻዬ እየቆነጠረች እንደ ቆሎ ቆርጥማዋለች። ጥሩው ሥርም ቢሆን ካልተቀቀለ አይበላም፤ ይህን የኛ አገር ሕፃን ያውቃል።

በጥፊ ልላት እጄ ተነሥቶ ነበር። ሦስት ቀን መርዘኛ ስባል ዝም ብላ እየሰማች! እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና «ድንች ነው አልሽኝ እኮ» አለች። እጄ ወረደ። ግንዷን ከስልቻው አፍ ባልፈታት፣ ሥሩን በስሙ ብጠራው ኖሮ አትነካውም ነበር።

ወይዘሮ አለሚቱ ይቅርታ አልጠየቁም። እቤት ስንደርስ ትልቁን ድስታቸውን ለአክስቴ አቀበሏት። አክስቴ ጎረቤት ሁሉ የሚያየው ደጃፍ ላይ እሳት አንድዳ ሥሩን ቀቀለች፣ በበርበሬና በጨው አቀረበችው። እሳቸውም በሉ፣ ገነትም በላች፣ እኔ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ። ስለ ዓርብ የተናገረ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ወር ከቆላ የመጣው ስልቻ ሁለት ነበር፤ በሁለቱም አፍ ላይ ግንድ ታስሯል። አንዱን ለገነት ብላ ነው የላከችው። ሁለቱንም ግንዶች ፈታንና በራችን ላይ፣ በውጭ በኩል፣ አላፊ አግዳሚ የሚያያቸው ምስማር ላይ ሰቀልናቸው።

«መናኸሪያ ነበር አይደል?» አለኝ የባጃጁ ልጅ፣ ከቁልቋሉ ስመለስ።

«አይ፤ ወደ ለቅሶው ቤት መልሰኝ።»

ሰውየው አሁንም እዚያው ነው። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ቅድም ያወሩለት የቆላ ሰው እኔ ነኝ» አልኩት። «የዱር ሥር እንበላለን። ችግር ስላለ ብቻ አይደለም፤ ከማይበላው የምንለይበት እውቀት ስላለን ነው። ከንፈርዎን አይምጠጡልኝ።» ከወዲያ ማዶ፣ አባቷን የቀበረችው ገነት በጥቁር ልብሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ቀኑን ሙሉ ቀና አላለችም ነበር። አሁን ግን ቀና አለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እኔም በልቻለሁ» አለችው። «ጥሬውን ሳይቀር።»

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። ሁለታችንም ሳቅን።